የንስሩ ደብተር

ታኅሣሥ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.
ቆላ ድባ አጠገብ፣ ከሐይቁ ዳር

ይድረስ ለልጄ ለማኅሌት፣ ባሕር ዳር።

እንደምን ሰንብተሻል? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደኅና ነኝ። ሐይቁም እንደ እኔው ነው፤ እምቦጩ ዳር ዳሩን ይዞት ከሩቅ ለምለም ማሳ ይመስላል፣ ሲቀርቡት ግን ታንኳ አያሳልፍም። ተማሪዎቼም ደኅና ናቸው። የጾምና የበዓል ቀን የሚወጣበትን የዘንድሮውን አበቅቴና መጥቅዕ አውጥተን ጨርሰናል፤ ነነዌ የካቲት ሦስት ትገባለች። ይህን ደብዳቤ የሚያመጣልሽ ጤፍ የሚጭነው አካሉ ነው። መንገዱ ክፍት ከሆነ በሦስት ቀን፣ ከተዘጋ ደግሞ እግዜር ባለው ቀን ይደርስሻል። መልሱንም በእሱው ላኪልኝ።

ስልኬ ለምን እንደተዘጋ በሰው አስጠይቀሻል። አትቀየሚኝ፤ ስልኩ አልተበላሸም፣ እኔ ነኝ የተውሁት። ለሽማግሌ ወረቀት ይሻለዋል በይ። ስለ ዓይኔም ጠይቀሻል። እሱን በሌላ ጊዜ እጽፍልሻለሁ።

አሁን የምፈልገው የሕግ ምክር ነው። አንድ ወዳጅ አለኝ። የተማረ ሰው ነው፣ የቤተ ክርስቲያኑን ትምህርት ማለቴ ነው። ሞኝም አይደለም፣ ወይም አይመስለኝም ነበር። ይህ ሰው በስልክ በሚጫወቱት ቁማር ተታለለ። ጨዋታው «ንስር» ይባላል። በስልኩ መስታወት ላይ አንድ ንስር ይነሣል፤ ከፍ ባለ ቁጥር ያስያዝሽው ብር ሁለት እጥፍ፣ ሦስት እጥፍ፣ አሥር እጥፍ እያለ ይሄዳል። ንስሩ ድንገት ከመሰወሩ በፊት «በቃኝ» የሚለውን ከነካሽ የደረሰበት ያንቺ ነው፤ ከዘገየሽ ያስያዝሽውም ይሄዳል። ወዳጄ መጀመሪያ አሸነፈ። ያሸነፍሁትን ስጡኝ ሲል መታወቂያህን ላክ አሉት፣ ላከ። ማስለቀቂያ ክፈል አሉት፣ ከፈለ። ከዚያ ወዲህ አልመለሱለትም። ለማስመለስ ብሎ የቀረውን ሲያስይዝ እሱንም በሉት።

ሕጉ ለእንዲህ ያለ ሰው ምን በር አለው? ወይስ ቁማርተኛ ነህና የእጅህን አገኘህ ይለዋል? ስሙን ሳይገልጥ መክሰስ ይችላል ወይ? ይህችን በተለይ ንገሪኝ። ወዳጄ የክፍያ ወረቀት የለውም፤ ያለው አንድ ደብተር ብቻ ነው።

አባትሽ
ኃይለ ገብርኤል


ታኅሣሥ 26 ቀን 2017 ዓ.ም.
ባሕር ዳር

ለአባቴ ለመሪጌታ ኃይለ ገብርኤል፤

እንዴት ከረሙልኝ አባዬ? መልሱ ስለ ዘገየ ይቅርታ። አካሉ ሁለት ጊዜ ቢሮዬ መጥቶ ሁለቱንም ጊዜ ፍርድ ቤት ነበርኩ። ዛሬ ግን ደብዳቤውን ሳልይዝ አልሄድም ብሎ በር ላይ ቁጭ ብሏል፤ እኔም እሱን እያየሁ በጥድፊያ ነው የምጽፈው።

ንስርን ለእኔ ማስረዳት አያስፈልግዎትም ነበር። ከጥቅምት ወዲህ ስለዚህ ወፍ ሳልሰማ የዋልኩበት ቀን የለም። ደንበኞቼ አሥራ አራት ሆነዋል፤ አብዛኞቹ የፋብሪካ ሠራተኞች፣ ሁለቱ የኮሌጅ አስተማሪዎች ናቸው። የሚያስተባብራቸው ክንዱ የሚባል የፈረቃ ኃላፊ ነው። ሚስቱ የቤት መሥሪያቸው ገንዘብ ማለቁን ስትሰማ ልጆቹን ይዛ ጢስ ዓባይ እናቷ ዘንድ ገብታለች። በሳምንት ሦስት ቀን እየመጣ «ምን አዲስ ነገር አለ?» ይለኛል፤ ሁልጊዜም አዲስ ነገር የለም።

ለወዳጅዎ እንዲህ ብለው ይንገሩልኝ። ሕጉ በር አለው፣ ጠባብ ነው እንጂ። ድርጅቱ በገጹ ላይ የፈቃድ ቁጥር ለጥፏል። ቁጥሩ እውነተኛ ከሆነ ለፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት አቤት እንላለን፤ ያግደዋል፣ ክፈልም ሊለው ይችላል። ሐሰተኛ ከሆነ ነገሩ ማታለል ነውና ለፖሊስ ነው። ፍርድ ቤት ሄዶ ገንዘቤን ይመልስ ብሎ መክሰስም አለ። ግን ቁማር የወለደውን ነገር ዳኛ በደስታ አያየውም፤ ደግሞስ ማንን እንከሳለን? አድራሻቸው ባሕር ማዶ ያለ የፖስታ ሣጥን ነው። የክፍያ ወረቀት ባለመያዙ አይጨነቅ፤ በስልክ የላከው ገንዘብ ሁሉ መዝገብ ላይ አለ፣ መታወቂያውን ይዞ ሄዶ ማስወጣት ይችላል። ገንዘብህን እናስመልስልሃለን፣ ብቻ ትንሽ ክፈል የሚሉ ሰዎች ከደወሉለት ግን ስልኩን ይዝጋባቸው። እነሱም ያው ሌቦቹ ናቸው።

ዋናው ችግር ሌላ ነው። መሸነፍ መታለል አይደለም። ጠበቃቸው የጻፈልንም ይህንኑ ነው፤ ዕድላቸው ጠመመ እንጂ ማንም አልነካቸውም ይላል። ንስሩ ሆን ተብሎ እንደሚሰወር ማሳየት አለብን፤ የሚያሳይልን ነገር እስካሁን አላገኘንም።

ስሙን ሳይገልጥ መክሰስ ይችላል ወይ ላሉት፣ አይችልም። ያለ ስም አቤቱታ የለም። ቀርቦም ቃሉን መስጠት አለበት።

የወዳጅዎ ደብተር ምን ይዟል? ስማቸውን አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠይቅም። ሰላም በሉልኝ። መልካም ልደት ይሁንልዎ፤ ጉልበትዎንም የላክኩልዎን ቅባት ይቀቡት እንጂ አያስቀምጡት።

ልጅዎ
ማኅሌት


ጥር 15 ቀን 2017 ዓ.ም.
ከሐይቁ ዳር

ልጄ ማኅሌት፤

ወዳጅዎን ሰላም በሉልኝ ብለሻል። ብዬዋለሁ። እሱ እኔ ነኝ።

ይህን ከጻፍሁ በኋላ ብዕሩን አስቀምጬ ወደ ውጭ ወጥቼ ነበር። አሁን ተመልሼ ነው። ነገሩን ከሥሩ ልንገርሽ።

መስከረም ላይ ከቆላ ድባ ገበያ ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ሰው ሁሉ ስልኩ ላይ አቀርቅሯል። አጠገቤ የተቀመጠው ሰው ንስሩን ያያል፣ እኔ ቁጥሩን አያለሁ። ገንዘቡን አላየሁም፤ ቢያንስ ለራሴ ያልሁት እንዲያ ነው። የሚወጣና የሚሰወር ነገር ሁሉ ዑደት አለው ብዬ አሰብሁ። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ዞራ የምትመለስ ጨረቃን ስቆጥር የኖርሁ ሰው አንድ የስልክ አሞራ ያቅተኛል? ቤቴ ስገባ አንቺ የገዛሽልኝን ስልክ ይዤ ተቀመጥሁ። ሁለት ወር ሙሉ ምንም ሳላስይዝ ንስሩ በስንት ሰዓት ከስንት ደቂቃ ተነሥቶ እስከየት እንደ ደረሰ ጻፍሁ። ሁለት ሺህ ሦስት መቶ በረራ ነው። እናትሽ በሕይወት ብትኖር ደብተሩን ነጥቃ ምድጃ ውስጥ ትከተው ነበር።

ሥርዓቱን ያገኘሁ መሰለኝ። በየአሥራ ዘጠኙ በረራ ከፍ ይላል። በትንሽ ብር ሞከርሁት፣ ሠራ። ልጄ፣ እንዴት ያለ ደስታ ነበር! ገንዘቡ አይደለም፤ ማወቄ ነው ያሰከረኝ። ከዚያ ለዓይኔ ሕክምና የላክሽውን አስያዝሁ። የቀረውን በመጀመሪያው ደብዳቤ ነግሬሻለሁ። ዓይኔን አልታከምሁም። የግራው አሁን ጭራሽ ጭጋግ ነው።

ከሁሉ በኋላ ደብተሩን ገልጬ ሳየው አንድ ነገር ገባኝ። ጨረቃ ማን እንደሚያያት አታውቅም፤ ትንሽም አስይዢ ብዙ ቀኗን አታዛንፍም። ይህ ንስር ግን ያውቀኝ ነበር። ዝም ብዬ ሳየው ሽቅብ ይወጣል፣ ብዙ ሳስይዝ ከመሬት ሳይላቀቅ ይሰወራል። ይህን ለማስተዋል ዓይኔን መክፈል አልነበረብኝም።

ለንስሐ አባቴ ለአባ ተክለ ጊዮርጊስ ተናዝዣለሁ፤ አንድ ዓመት ስልክ እንዳልነካ ቀኖና ሰጡኝ። ስልኬ የተዘጋው ለዚህ ነው። ከእሳቸውና ከአንቺ በቀር የሚያውቅ የለም። የደብራችን አስተዳዳሪ አለቃ ወልደ ዮሐንስ ቢሰሙ ሠላሳ አንድ ዓመት ያስተማርሁበት ወንበር ውሎ አያድርም። አምና ዘበኛችንን ካርታ ሲጫወት አገኘሁት ብለው በሦስት ቀን ያሰናበቱ ሰው ናቸው።

ደብተሩን ከዚህ ጋር ልኬዋለሁ። ለአሥራ አራቱ ሰዎች የሚረዳ ከሆነ ተመልከቺው፤ የማን ነው ካሉሽ ግን ዝም በይ። በጣም አፍሬአለሁ።

አባትሽ


የካቲት 1 ቀን 2017 ዓ.ም.
ባሕር ዳር

አባዬ፤

ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ቀደድኩት። ይህ አራተኛው ነው፤ እንዳለ ይሂድ።

ተናድጃለሁ። መጫወትዎ ብቻ አይደለም። ኅዳር መጨረሻ ላይ በስልክ «ሐኪሙ እጁ ቀላል ነው፣ ሳይታወቀኝ ጨረሰው» ብለውኝ ነበር። እኔ ስልኩን ዘግቼ ደስ ብሎኝ አለቀስኩ። ያን ለቅሶዬን ማን ይመልስልኛል? ያን ስልክ የገዛሁትም ድምፅዎን ልሰማበት ነበር።

ይህን ካልኩ ደብተሩን ልንገርዎ። ክንዱ የተሸነፈባቸውን በረራዎች ከስልኩ መስታወት ላይ እያነሣ አስቀምጧል፤ ድርጅቱን ስለምነው ያዝንልኛል ብሎ። ምስሎቹን ከእርስዎ ደብተር ጋር ጎን ለጎን አድርጌ ሁለት ቀን ሳነጻጽር ዋልኩ። ኅዳር ሦስት ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከአሥራ ሁለት ደቂቃ ላይ የክንዱ ንስር ገና ሳይነሣ ተሰውሯል። ብዙ አስይዞ ነበር። በዚያው ደቂቃ እርስዎ ምንም ሳያስይዙ ያዩት ንስር አሥራ ዘጠኝ እጥፍ ደርሷል፤ ፲፱ ብለው ጽፈዋል። ድርጅቱ ደግሞ በገጹ ላይ «ለሁሉም ተጫዋች ያው አንድ ንስር ነው» ይላል። እንዲህ ያለ ደቂቃ ሰባት አገኘሁ። መሸነፍ መታለል አይደለም ላሉን ሰዎች መልሱ ይህ ነው። ከዚህ ሌላ መልስ የለንም፤ እስከ መጋቢት መጨረሻ ማስረጃ ካላቀረብን ለፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት ያስገባነው አቤቱታ ይዘጋል።

ደብተሩ ግን ብቻውን ወረቀት ነው። የጻፈው ሰው ቀርቦ «እኔ ነኝ፣ በዚህ ሰዓት በዓይኔ ያየሁት ነው» ማለት አለበት። ስሙ መዝገብ ላይ ይሰፍራል፤ ጎንደርና ቆላ ድባ ለመድረስ ከአካሉ መኪና ይፈጥናል።

እንደ ጠበቃ ይምጡ ማለት ነበረብኝ። እንደ ልጅ ደብተሩን መሳቢያዬ ውስጥ ቆልፌበታለሁ። ትናንት ክንዱ መጥቶ ምን አዲስ ነገር አለ ሲለኝ «ምንም» አልኩት። ፊት ለፊቱ ተቀምጬ፣ ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ሆኖ። እርስዎ ሳይፈቅዱ አላወጣውም። እባክዎ አውጪው አይበሉኝ።

ማኅሌት


የካቲት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.
ከሐይቁ ዳር

ልጄ፤

ስለ ለቅሶሽ ይቅር በይኝ።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ በነነዌ ሁለተኛው ቀን ነው። አልዋሽሽም፣ መሳቢያው ውስጥ ይቅር ስትዪ ደስ አለኝ። ልጄ ጠበቃ መሆኗ ለካ ለዚህ ነው አልሁ። ጾሙ እስኪፈታ ድረስ በዚህ ደስታ ተቀመጥሁ። ከዚያ ግን ክንዱን «ምንም» አልሁት ያልሽበትን ቦታ መልሼ መላልሼ አነበብሁት። እኔ አንቺን ዋሸሁ፣ አንቺ ለእኔ ብለሽ እሱን። ውሸት እንዲህ እየተወራረሰ ከቤታችን ይዝለቅ? እኔ እኮ ያጣሁት ዓይን ነው፤ እሱ ልጆቹን ነው። ሁለት ሺህ ሦስት መቶ ጊዜ እውነቱን ጽፌ ስሜን የምደብቅ ከሆነ ደብተሩን ለምን ጻፍሁት?

ስለዚህ አውጪው።

ከሌላ ሰው ከሚሰሙ ከእኔ ይስሙ ብዬ ትናንት አለቃ ወልደ ዮሐንስ ዘንድ ሄጄ ሁሉንም ነገርኋቸው። እንደ ቆሙ ሰሙኝ። «ሰበካ ጉባኤው ያየዋል» ብለው ወደ ዕቃ ቤት ገቡ። ያቺ ከቤታቸው እስከ ቤቴ ያለችው መንገድ እንዲህ ረዝማብኝ አታውቅም።

ቀኑን ቁረጪና ላኪልኝ፣ በአካሉ መኪና እመጣለሁ። ከጤፉ ላይ እቀመጣለሁ እንጂ ከፊት አያስቀምጠኝም፤ የፊቱ ወንበር ዋጋው የሚኒስትር ነው። ቁጥሩን ሁሉ በግእዝ ስለ ጻፍሁት የሚያነብላቸው ሰው ያስፈልጋቸዋል፤ ምንም ቢሆን ለዚያ እንኳ አልጠፋም። አንቺ ክንዱን ጥሪና እውነቱን ንገሪው። በእኔ ይቆጣ፣ በአንቺ አይቆጣ።

አባትሽ


ግንቦት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.
ባሕር ዳር

ይድረስ ለአባቴ፤

ቃልዎን ሰጥተው ከተመለሱ ሁለት ወር ሊሞላ ነው። ያ ቃልዎን የተቀበለው ወጣት መርማሪ አሁንም ባገኘኝ ቁጥር ስለ እርስዎ ይጠይቀኛል፤ «አባባ፣ ይህ ምን ቋንቋ ነው?» ሲልዎ «ቁጥር ነው፣ አንተም በልጅነትህ ከፊደል ገበታው ግርጌ አይተኸዋል» ያሉትን አልረሳውም። ፲ እና ፳ን ለይቶ ሊያሳየኝ ይሞክራል። ገና አልለየም።

ውሳኔው መጥቷል። የፈቃድ ቁጥሩ የሌላ ድርጅት ሆኖ ተገኘ። መሥሪያ ቤቱ የእርስዎን ደብተርና የክንዱን ምስሎች ዋና ማስረጃ አድርጎ ጨዋታው ተጫዋቹን እያየ የሚለዋወጥ ነው ብሏል፤ ማታለል የምትለዋን ቃል በግልጽ ጽፏታል። ጉዳዩ ወደ ፖሊስ ተላልፏል። ገንዘቡ ይገባባቸው ከነበሩት ሒሳቦች አንዱ ታግዷል። ውስጡ የተገኘው ለአሥራ አምስታችሁ ሲካፈል ካጣችሁት ሲሶው ቢደርሳችሁ ነው፤ እሱም መቼ እንደሆነ አላውቅም። ባለቤቶቹን ማንም አላያቸውም። ንስር ሐሙስ ዕለት ተዘጋ፣ አርብ ዕለት «ጭልፊት» ተብሎ ተከፈተ። አዲስ ደንበኞች መምጣት ጀምረዋል። ደክሞኛል አባዬ፤ አንዳንድ ቀን በሩን ሳልከፍት ቁልፉን ይዤ እቆማለሁ።

ክንዱ የውሳኔውን ቅጂ ይዞ ጢስ ዓባይ ሄዶ ነበር። ሚስቱ አልተመለሰችም፤ ልጆቹ ግን እሑድ እሑድ እንዲመጡ ፈቅዳለች። እርስዎን እግዜር ይስጥልኝ በያቸው ብሎኛል። እኔን ገና በሙሉ ዓይኑ አያየኝም፤ እውነት አለው።

ለዓይንዎ ሐምሌ ስምንት እዚሁ ቀጠሮ ይዣለሁ። ገንዘቡን ለሐኪሙ በእጄ እሰጣለሁ። አይቀየሙኝ።

አሁን እኔ ልጠይቅ። ጉባኤው ምን ወሰነ? ሦስት ጊዜ ጽፌ ጠየቅኩ፣ ሦስት ጊዜ ስለ ጤፍ ዋጋ መለሱልኝ።

ማኅሌት


ሰኔ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.
ከሐይቁ ዳር

ልጄ ማኅሌት፤

ስለ ጤፍ የምጽፈው አለቀ። ወንበሬን ወሰዱት።

ፋሲካ እስኪያልፍ ታግሠው በዳግም ትንሣኤ ማግስት ነው የነገሩኝ። የስንብቱን ደብዳቤ የፈረሙት አለቃ ወልደ ዮሐንስ ናቸው። በእኔ ቦታ የተተካው ጥዑመ ልሳን ነው፣ የገዛ ተማሪዬ። ሊቀመጥ ሲል አይቶኝ ቆሞ ቀረ፤ ተቀመጥ አልሁት። ጎበዝ ነው፣ ከእኔ ይልቅ ትዕግሥት አለው። ይህን ያልነገርሁሽ ስላፈርሁ አይደለም፤ ስላዘንሁ ነው። አሁንም ማለዳ ተነሥቼ ጥምጥሜን አስተካክዬ እወጣና ግማሽ መንገድ ላይ ትዝ ይለኛል። ያኔ ሐይቅ ለማየት የወጣሁ መስዬ ወደ ውኃው እታጠፋለሁ። አንድ ቀን እንዲህ ሳደርግ አንድ ዓሣ አጥማጅ «መሪጌታ፣ ምን ጠፋብዎ?» አለኝ።

ይህን ደብዳቤ የጻፍሁት ግን ለዚህ አይደለም።

ያለፈው ሰኞ አለቃ ወልደ ዮሐንስ ቤቴ መጡ። በዚህ ሁሉ ዓመት ደጄን ረግጠው አያውቁም። ተቀመጡ ብላቸው አልቀመጥ አሉ። ከቀሚሳቸው ኪስ ስልክ አወጡና ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። ንስርንም ተጫውተዋል፣ ጭልፊትንም። እኔ እፊታቸው ቆሜ ስናገር በሰሙኝ ዕለትም ይጫወቱ ነበር። ለጡረታ ያሉትን ሁሉ ጨርሰዋል። «ልጅዎ ሌላ ሰው ትጨምር እንደሆነ፣ ብቻ ስሜ ሳይወጣ» አሉኝ።

ያለ ስም አቤቱታ የለም አልኋቸው። ስልኩን አንሥተው ሄዱ።

ደስ አለኝ፣ ማኅሌት። ክፉ ደስታ ነው፤ ለአባ ተክለ ጊዮርጊስ ተናዝዤዋለሁ። ሦስት ቀን ሙሉ ዘበኛውን እያሰብሁ፣ ወንበሬን እያሰብሁ፣ ይበላቸው አልሁ። ለጉባኤው ልነግርባቸውም አሰብሁ፤ ጥምጥሜን ሳይቀር ጠምጥሜ ነበር። እንዳልሄድ ያስቀረኝ ጽድቅ አይደለም፣ ድካም ነው።

ሐሙስ ዕለት ራሳቸው ተመልሰው መጡ። በዚህኛው ጊዜ ተቀመጡ። ወረቀት ስጡኝ አሉ። ምን ብለው እንደሚጀምሩ ስላላወቁ እኔ እየነገርኋቸው ጻፉት፤ መቼ እንደ ጀመሩ፣ በየትኛው ስልክ እንደ ላኩ፣ ስንት ማስለቀቂያ እንደ ከፈሉ። ወንበሩን እመልስልዎታለሁ አላሉኝም፣ እኔም አልጠየቅሁም። አቤቱታውን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ታገኚዋለሽ፤ በአሥራ ስድስተኛ ቁጥር መዝግቢያቸው።

መጨረሻው ላይ ስማቸውን ሲጽፉ ወረቀቱን እኔ ያዝሁላቸው።

አባትሽ
ኃይለ ገብርኤል